ካሜራ ሰውን እንዴት ያያል? ከቶኪዮ ማራቶን እስከ የካ ዳገት

ዛሬ ፊልም የማያይ ተማሪ አለ ለማለት ያስቸግራል። ቀድሞ አባቶቻችን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማየት ወደ ሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ሲኒማ አምፒር መሄድ ነበረባቸው፤ እኛ ግን ሲኒማውን በኪሳችን ይዘነው እንዞራለን። ማየቱ ከመብዛቱ የተነሣ ግን ያየነው ነገር እንዴት እንደተሠራ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። እኔም ከጥቂት ወራት በፊት ከማይጠይቁት ወገን ነበርሁ። እንድጠይቅ ያስገደደኝ አንድ ሰው የተናገረው አጭር ቃል ነው፤ እርሱም «ይህ እኔ አይደለሁም» የሚል ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ሰው ስለ ምን እንዲህ እንዳለ ማስረዳትና፣ የካሜራ፣ የቅንብር፣ የድምፅና የብርሃን አሠራር በአንድ ሰው መልክ ላይ ምን ለማድረግ እንደሚችል ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች መግለጽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አራት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በኪነ ጥበብ ክበብ በዓል ቀን የሚታይ አንድ አጭር ፊልም ለመሥራት ተስማማን። ሰፈራችን መገናኛ ስለሆነ ታሪኩንም ከዚያው ለመፈለግ ወሰንን። ቀን ቀን በአደባባዩ አጠገብ በታክሲ ረዳትነት የሚሠራ፣ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ወደ የካ ተራራ እየወጣ የሚሮጥ አንድ ወጣት እናውቅ ነበር። ፈቃዱን ብንጠይቀው «እናንተ ልጆች በሰዓቱ ከተነሣችሁ ይሁን፤ እኔ ግን አልጠብቃችሁም» አለን። ሦስት ማለዳ ተከትለን በአንድ ስልክ አነሣነው።

ፊልማችን 4 ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያ ሯጩ በጨለማ ከቤቱ ሲወጣ፣ ቀጥሎ የተቀደደው ጫማው፣ ከዚያ ዳገቱን ሲወጣ ላብ ያጠመቀው ፊቱ፣ በመጨረሻም በታክሲው በር ላይ ቆሞ «ኮተቤ፣ ካራ!» እያለ ሲጣራ ይታያል። በዚህ ሁሉ ላይ የሚያሳዝን የዋሽንት ዜማ ጨመርንበት። ለክፍል ጓደኞቻችን ብናሳያቸው አንዳንዶቹ ዕንባ አቀረሩ፤ እኛም ሥራችን የተሳካ መሰለንና ደስ አለን። በመጨረሻ ለራሱ ለሯጩ አሳየነው። እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብሎ ካየ በኋላ እንዲህ አለን፤ «ይህ እኔ አይደለሁም። ይህ የሚያሳዝን ልጅ ነው። እኔ ስሮጥ አላዝንም፤ እቈጥራለሁ። ዳገቱ የት እንደሚከብድ፣ የት እንደሚያልቅ ዐውቀዋለሁ። ይህን ለሰው አታሳዩብኝ።» በዓሉ ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር።

በጣም ዐፈርን። የሐሰት ነገር አላነሣንም፤ ጫማው በእውነት የተቀደደ ነው፣ ላቡም የራሱ ላብ ነው። ታዲያ እውነተኛ ነገሮች ተሰብስበው እንዴት ሐሰት ሊሆኑ ቻሉ? ይህን ጥያቄ ለክበባችን ኃላፊ መምህር ብናቀርብላቸው መልሱን አልነገሩንም፤ ይልቁንም «ሌላ ሰው ሯጭን እንዴት እንዳነሣ ሂዱና እዩ» ብለው የሻምበል አበበ ቢቂላን የቶኪዮ ሩጫ የያዘውን የጃፓን ፊልም አመለከቱን።

እንደሚታወቀው አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በቶኪዮ ደግሞ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ጫማ አድርጎ በመሮጥ የማራቶንን የወርቅ ሜዳልያ ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ነው። በቶኪዮ የሮጠው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት ያህል ሳይሞላው ነበር። ያን ውድድር «የቶኪዮ ኦሊምፒያድ» በሚል ስም በፊልም ያዘጋጀው ኮን ኢቺካዋ የተባለ የጃፓን የፊልም ዲሬክተር ነው። ከመቶ የሚበልጡ ካሜራ አንሺዎችን አሰልፎ፣ በዚያው በ1957 ዓ.ም. ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ የቀለም ፊልም አወጣ። በአገሩ የኦሊምፒክ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኢቺሮ ኮኖ ፊልሙ ለውጤት መዝገብነት አይበቃም ሲሉ ነቀፉት፤ ከዚህም የተነሣ «ይህ መዝገብ ነው ወይስ ጥበብ?» የሚል ክርክር በጃፓን ተነሣ። እኛን የጠቀመን ግን ሚኒስትሩን ያላስደሰተው ነገር ነው፤ ይኸውም ኢቺካዋ ማን እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን የሚሮጥ ሰው ምን እንደሚመስል ለማሳየት መድከሙ ነው። የማራቶኑ ክፍል ከሌላው ተለይቶ ሲታይ ራሱን እንደቻለ አጭር ፊልም ሊጠና ይችላል። እኛም በአራት ከፍለን አጠናነው።

አንደኛ፤ ስለ ካሜራ

ሌንስ ሁለት ዐይነት ጠባይ አለው ብሎ መጀመር ይቻላል። አጭር ሌንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ነገር ግን ፊትን በቅርብ ሲያነሣ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ያሸሻል፤ ከኋላ ያለውንም ነገር ሁሉ አጥርቶ ያሳያል። ረጅም ሌንስ ደግሞ ከሩቅ ቆሞ ፊትን ያቀርባል፤ የፊትን ቅርጽ አያዛባም፤ ከሰውየው በስተኋላ ያለውን ሁሉ አደብዝዞ እንደ ቀለም ያፈሰዋል።

የስልካችን ሌንስ አጭር ነው። ስለዚህ የሯጩን ፊት ለማንሣት አንድ ክንድ ያህል እስክንቀርበው ድረስ እየተጠጋን፣ እያለከለክን ከፊቱ ወደ ኋላ እንሮጥ ነበር። ፊቱ ተዛባ፤ ከኋላው ያለው ታክሲ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና የባቡር ድልድይ ሁሉ ከእርሱ እኩል ጠርቶ ታየ። ከዚህም የከፋ ሌላ ስሕተት ነበረብን፤ ዳገቱ ላይ ቀድመን ቆመን ቁልቁል ስላነሣነው ሰውየው ታናሽና የተጨቈነ መስሎ ታየ። ካሜራ ከላይ ወደ ታች ሲያይ ሰውን ያሳንሳል፤ ከታች ወደ ላይ ሲያይ ያገንናል፤ በዐይን ልክ ሲያይ ደግሞ እኩያ ያደርገዋል።

ኢቺካዋ አበበን ያነሣው እጅግ ረጅም በሆነ ሌንስ ነው። የአበበ ፊት ሰፊውን መጋረጃ ሞልቶ፣ በመንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ከበስተኋላው እንደ ጉም ደብዝዞ ያልፋል። ካሜራው በዐይኑ ልክ ነው። አበበም ካሜራውን አያየውም፤ የሚያየው መንገዱን ነው።

ምስሉ ደግሞ በዝግታ ይሄዳል። ይህ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ሲኒማ በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎችን ያሳያል። ካሜራው በሰከንድ 72 ምስል አንሥቶ በ24 ቢያሳይ እንቅስቃሴው በሦስት እጅ ይዘገያል። ብዙዎቻችን ይህን ለማሳመር ብቻ የምንጠቀምበት ነው፤ በዚህ ፊልም ግን ሌላ ምክንያት አለው። አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጸመ። ይህ ሲሰላ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ 3 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ይደርሰዋል። ስለዚህ በመንገድ ዳር በቆመ ሰው ፊት 10 ሜትር ለማለፍ 2 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም ነበር። በዚያ ቀን በመንገዱ ዳር የተሰለፈው ሕዝብ አበበን አየ እንጂ አላስተዋለውም ማለት ይቻላል። የካሜራው ዝግታ ያመለጠውን ጊዜ ይመልስልናል፤ ላቡ ከአገጩ ጠብ ሲል፣ ፊቱም ሳይለዋወጥ እንደ ተረጋጋ ለማየት ያስችለናል።

ሁለተኛ፤ ስለ ቅንብር

ቅንብር፣ በተለምዶ ኤዲቲንግ የሚባለው፣ የተነሡትን ቁራጭ ምስሎች እየመረጡ በቅደም ተከተል የማገጣጠም ሥራ ነው። የዚህን ሥራ ኀይል የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ፈተና አለ። በ1910ዎቹ ዓመታት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የአንድን ተዋናይ ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፣ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር አጣመረው። ፊቱ ያው አንድ ፊት ሲሆን፣ ተመልካቾቹ በመጀመሪያው ረኃብን፣ በሁለተኛው ኀዘንን አየንበት አሉ ይባላል። ከዚህ የምንማረው፣ ተመልካች የፊትን ትርጉም የሚያነብበው ከፊቱ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱም ጭምር መሆኑን ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የእኛ ጥፋት ወለል ብሎ ታየኝ። የተቀደደውን ጫማ አስቀድመን ወዲያው ፊቱን ስላስከተልን፣ የሚቈጥረው ሰው የሚያዝን ሰው ሆነ። ፊቱን አልነካነውም፤ ጎረቤቱን ግን መረጥንለት።

ኢቺካዋም ያጣምራል፤ ነገር ግን የሚያጣምረው ሯጭን ከሯጭ ጋር ነው። በመጠጥ ማደያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ኩባያ በኩባያ ላይ የሚጨልጡትን፣ ኀይላቸው አልቆ የተቀመጡትን፣ የተላላጠ እግራቸውን የሚያዩትን ያሳየናል፤ ከእነዚህ ዘንድ ወደ አበበ ሲመልሰን ያ ፊት ምን ያህል ጽናት እንዳለው ማንም ሳይነግረን እንረዳለን። በደከሙትም ላይ አይሣለቅም፤ ድካማቸውን በትዕግሥት ያያል። በስታዲየሙ ውስጥ ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ በእንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ ተቀድሞ ሦስተኛ ሲወጣ፣ አበበ ከ4 ደቂቃ በፊት ጨርሶ በሣሩ ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ነበር። አንድ ሯጭ ምን ያህል እንደቀደመ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ንግግር አይገኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ድምፅ

ብዙ ሰው የፊልም ድምፅ ከምስሉ ጋር አብሮ የተቀዳ ይመስለዋል። ነገር ግን ከሩቅ በረጅም ሌንስ የተነሣ ሰው የእግሩ ኮቴ ወደ ካሜራው አይደርስም፤ በዝግታ የሚሄድ ምስልም የራሱ የሆነ ድምፅ ሊኖረው አይችልም፤ የተቀዳው ድምፅ በዚያው መጠን ቢዘገይ ጎርንኖ ወደ ማይታወቅ ጩኸት ይለወጣልና። ስለዚህ በአበበ ፊት ላይ የምንሰማው ሁሉ ሰው አስቦ የመረጠው ነው። የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው ቶሺሮ ማዩዙሚ ሲሆን፣ በዚያ ክፍል ሙዚቃው «አልቅሱ» ወይም «እልል በሉ» ብሎ አያዘንም፤ ለፊቱ ቦታ ይለቅለታል።

የእኛ ዋሽንት ግን ያዝዝ ነበር። ዋሽንት መልካም መሣሪያ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ዋሽንቱን የጨመርነው ስልካችን የቀዳው ድምፅ በነፋስ ስለተበላሸብን ሲሆን፣ ጉድለታችንን በሰው ኀዘን ሸፈንነው ማለት ነው። በሁለተኛው ሙከራችን ሌላ ስልክ ለሯጩ በደረት ኪሱ አስቀመጥንለት። ነፋስ እንዳይገባውም በካልሲ ጠቀለልነው። ወደ ቤት ተመልሰን ብናዳምጠው ትንፋሽ፣ የጠጠር ኮቴ፣ በትንፋሹም መካከል በሹክሹክታ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» የሚል ድምፅ ሰማን። የነገረን እውነት ነበር፤ ሰውየው ይቈጥራል። ሦስት ማለዳ አብረነው ስንሮጥ ያልሰማነውን በአንድ ካልሲ የተጠቀለለ ስልክ አሰማን።

አራተኛ፤ ስለ ብርሃን

የሮሙ ማራቶን የተጀመረው ወደ ማታ ላይ ነበርና ሲፈጸም ጨልሞ ነበር። በአፒያ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ስለዚህ የሮሙን ሩጫ ስናስብ ከጨለማ የሚወጣ ባዶ እግር ይታየናል። የቶኪዮው ግን በቀን የተደረገ ነው፤ ብርሃኑ ለስላሳ ስለሆነ ፊትን በጥላ አይቈርጠውም፤ የላቡን ነጠብጣብ ሁሉ ይገልጣል። አንድ ሰው በችቦ ብርሃን ምሥጢር፣ በደመና ብርሃን ግልጥ ሆኖ ሊታይ ይችላል ማለት ነው።

እኛ ግን ብርሃንን ፈጽሞ አላሰብንበትም ነበር። ሯጩ ወደ ምዕራብ ሲሮጥ ከፊቱ ቆመን ስናነሣው ፀሐይ ከጀርባው ሆነች። ስልክ የብርሃኑን መጠን ራሱ ይመርጣል፤ ሰማዩ ደማቅ ስለሆነበት ምስሉን ሁሉ አጨለመና የልጁ ፊት ጥላ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከዚያም «ያምራል» ብለን ሰማያዊ ቀለም ጨመርንበት፤ የማለዳው ሙቀት ጠፍቶ ሐምሌ መሰለ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። በእኛ ሰፈር ፀሐይ በኮተቤ በኩል ትወጣለች፤ የካ ተራራ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ሽቅብ የሚሮጥን ሰው የማለዳዋ ፀሐይ በቀኝ ጉንጩ ላይ ታርፍበታለች። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ብርሃኑ በባሕር ዛፎቹ መካከል አግድም ሲገባ፣ በስልኩ መስተዋት ላይ ፊቱን ነክተን የብርሃኑ መጠን በፊቱ ልክ እንዲጸና አደረግን። ያን ጊዜ ዐይኑም፣ ቅንድቡም፣ ከንፈሩ ሲቈጥር የሚያደርገውም እንቅስቃሴ ታየ። ረጅም ሌንስ ባይኖረንም ከሠላሳ እርምጃ ርቀን፣ ስልኩን በድንጋይ ላይ አስደግፈን፣ በዐይኑ ልክ አነሣነው።

ሁለተኛው ፊልማችን

ፊልሙን እንደ ገና ስናቀናብር በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ከአራታችን አንዱ «ጫማው ይውጣ» አለ፤ ሌላዋ ደግሞ «ድህነትን መደበቅም ውሸት ነው» ብላ ተቃወመች። እኔም ከእርሷ ጋር ተስማማሁ። በመጨረሻ ጫማውን ተውነው፤ ነገር ግን ከፊቱ አጠገብ አንሥተን፣ ሰውነቱ በሙሉ በሚታይበት ምስል ውስጥ፣ ጠጠሩን እየረገጠ ሲወጣ አደረግነው። እዚያ ላይ ጫማው የሚያስለቅስ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሚሠራ ጫማ ሆነ። ዋሽንቱን አወጣን፤ ትንፋሹንና ቈጠራውን አስገባን። ፊልሙም 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆነ።

ለሯጩ ይዘንለት ሄድን። በታክሲው በር አጠገብ ቆሞ፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ አየው። ሲያልቅ «ደግማችሁ አሳዩኝ» አለ። ሁለተኛውን ካየ በኋላ «ይሻላል፤ ግን ዳገቱን አሳጥራችሁታል» አለን። እውነቱን ነበር። ተመልካች እንዳይሰለች ብለን የዳገቱን መጨረሻ ቈርጠነው ነበር፤ ለእርሱ ግን ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው። ቈርጠን የጣልነውን መለስንና አንዱን ምስል 30 ሰከንድ ያህል ሳንቈርጠው ተውነው። በዚያ ቦታ ምንም አይሆንም፤ አንድ ሰው ይወጣል፣ ይቈጥራል። ያን ጊዜ ብቻ «አሳዩት» አለን።

በበዓሉ ቀን ማንም አላለቀሰም። ነገር ግን በዳገቱ ምስል ላይ አዳራሹ ዝም አለ፤ ከኋላ የተቀመጡ ትንንሽ ተማሪዎችም በሹክሹክታ አብረው ሲቈጥሩ ሰማሁ። ሯጩ የሥራ ቀን ስለሆነበት አልመጣም።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚህ ጥናት ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው። ካሜራ፣ ቅንብር፣ ድምፅና ብርሃን ዕቃ ብቻ አይደሉም፤ ሰውን የምናከብርባቸው ወይም የምናዋርድባቸው መንገዶች ናቸው። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ቢኖር አራት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ካሜራዬ የቆመው በሰውየው ዐይን ልክ ነውን? ለፊቱ የመረጥሁለት ጎረቤት ተገቢ ነውን? የማሰማው ድምፅ የእርሱ ነው ወይስ የእኔ? ብርሃኑስ ይገልጠዋል ወይስ ይሸፍነዋል? አራቱን ከመለሰ በኋላ ደግሞ ፊልሙን ከማንም አስቀድሞ ለባለቤቱ ያሳይ። እኛ ይህን ያደረግነው በመጨረሻ ነበር፤ እናንተ ግን ከመጀመሪያው አድርጉት።